ባለቤቱ ሳይለቀው የማይያዝ ወንበር

ራይድ፣ ዋይት ደሴት
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1969

ለወንድሜ ለኔቪል አትሪል
ዋያላ፣ አውስትራሊያ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ፔጊና ትንሿ ሱዛንስ እንዴት ናቸው? ለእኔና ለአባባ ከባሕሩ ብርድና ከእናንተ ናፍቆት በቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም። አምላክ እናንተንም ከዚያ ከምትጽፍልን ሙቀትና ዝንብ ይጠብቃችሁ።

ማዕበሉ ከተነሳ ሦስት ቀኑ ነው። ጀልባ ስለማይወጣ እኔም በወደቡ ቲኬት መስኮት ላይ ቲኬት የምቆርጥለት ሰው አጥቼ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤዬ ከረዘመብህ ማዕበሉን ውቀስ።

ትልቁ ወሬ ይኸውልህ። ባለፈው ኦገስት ወጣቶቹ በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ተሰብስበው ሲጨፍሩ እንዳደሩ ጽፌልህ ነበር። የታጨደው አገዳ ስቶኪንጌን ቦጫጭቆት የተመለስኩበትን ማለቴ ነው። ዘንድሮ ያንኑ በዓል አሥር እጥፍ አድርገው ሊያዘጋጁት ነው። ከአሜሪካ አንድ ትልቅ ዘፋኝ ይመጣል ይላሉ። ወተት አዳዩ ዎሊ ዩሪ፣ ያው ሳክስፎን ነፊያችን፣ «ያ ሰውዬ እዚህ ደሴት ላይ እግሩን ካሳረፈ እኔ ሳክስፎኔን ቅቤ ቀብቼ እበላዋለሁ» እያለ በየደጁ ይምላል።

አዘጋጆቹ አባባን ፈልገው ወደ ሱቁ መጥተው ነበር። መድረኩን የሚሠሩት፣ ሽቦውን የሚዘረጉት የደሴቱ ልጆች ግማሾቹ የመጀመሪያ ጊታራቸውን የገዙት ከአባባ ነው፤ የመጀመሪያዋን ዜማ የተማሩትም በሱቁ ጓዳ ነው። ልጆቹ «በዓሉን የደሴቱ ባንድ ሳይከፍተው አይሆንም» ብለው ለአዘጋጆቹ ተናግረዋል። ስለዚህ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ለአትሪል ባንድ ተሰጥቷል። አባባ «ጩኸታችሁ ጆሮዬን ያመኛል» አላቸው። እነሱ እንደወጡ ግን የመድረክ ጫማውን አውጥቶ ቀለም ቀባው። ሰባት ወር ቀደም ብሎ!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የባንዱን ደንብ ለአንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ግን ነገሬ እንዲገባህ ልድገመው። ባንዱን ያቋቋመው አያታችን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስድስት ሰዎቹ ሲዘምቱበት ስድስቱንም ወንበር ኮታቸውን አልብሶ አስቀመጠ። ሁለቱ ተመልሰው በየወንበራቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ባንድ ውስጥ ባለቤቱ በገዛ እጁ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ካልጻፈ፣ ወይም መርዶው ካልመጣ፣ ወንበር ለሌላ አይሰጥም። ተራ ጭፈራ ላይ ተተኪ ሰው ይነፋል። ስም ታትሞ በሚነበብበት ኮንሰርት ግን ተተኪ አይቀመጥም፤ ወንበሩ ኮት ለብሶ ባዶውን ይወጣል።

አንተ ከሄድክ ሦስት ዓመት ሊሞላህ ነው። በወንበርህ ላይ ተቀምጬ የምነፋው እኔ ነኝ። የሄድክ ሰሞን ከፖርትስመዝ የቀጠርነው ሰውዬ ጀልባው አናውጦት ሲያስታውክ አባባ ዞር እንኳ ሳይል «ማቪስ፣ ያንን ትራምፔት አንሺና ንፊ» አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረሁም። በልብስ ማጠቢያው ቤት ደብቀህ ያስተማርከኝ ነገር ይኸው እንጀራ ሆነ።

እና ወንድሜ፣ የምለምንህ አንድ መስመር ብቻ ነው። «ወንበሬን ለቅቄያለሁ» ብለህ ፈርምልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜ በወረቀት ታትሞ፣ ጮክ ተብሎ ሲጠራ አንድ ጊዜ መስማት እፈልጋለሁ።

ፔጊን ሳምልኝ። ሰላም ያክርማችሁ።

እህትህ ማቪስ


ዋያላ
ማርች 9 ቀን 1969

ለእህት ዓለም ለማቪስ

ሰላምታዬ በአለሽበት ይድረስሽ። አባባም እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ሱዛን መሮጥ ጀምራለች፣ ያውም ወደ እባብ። ወረቀቱ ላይ የምታዪው ቀይ ነገር አፈር ነው፤ እዚህ ሾርባውም አልጋውም አፈር ነው።

መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። አንዱን መርከብ ሳንጨርስ ሌላው ይጀመራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በስደተኞቹ ማረፊያ አዳራሽ እነፋለሁ። ባለፈው ስኮትላንዳውያኑ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው እስኪጨፍሩ ድረስ ነፋሁላቸው። ከንፈሬ እንደ ድሮው ነው፤ ለአባባ ይህንን ንገሪልኝ።

የበዓሉን ወሬ ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። የወንበሩ ነገር ምን አስቸኮለሽ? የሁለት ዓመት ውሌን ጨርሻለሁ፤ አሁን ማንም አይይዘኝም። በኦገስት መምጣቴ አይቀርም። ራሴው መጥቼ እቀመጥበታለሁ፤ አንቺም ፊት ለፊት ቆመሽ ታጨበጭቢልኛለሽ።

አባባ ግን ለምን አይጽፍልኝም? ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ከምትጽፊው ሥር «አባትህ» ብሎ መፈረም እንኳ ከበደው? በመሄዴ ተቀይሞኝ ከሆነ ይንገረኝ። ዝም ማለቱ ነው የሚጎዳኝ።

ወንድምሽ ኔቪል


ራይድ
ማርች 20 ቀን 1969

ወንድም ዓለም፣ ጤናህ ይብዛ።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩለት። ምነው ባላነበብኩለት! ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣና ለሥጋ ሻጩ፣ ለጀልባው ካፒቴን፣ ለቄሱ ሁሉ «ልጄ ሊመጣ ነው» ብሎ ነግሮ ተመለሰ። በማግስቱ ኮትህን ለላውንደሪ ሰጠ። ምሳ ላይ ከድንቹ ቀና ብሎ «ኔቪል ሁለተኛውን ዜማ ትንሽ ያፈጥነዋል፣ ለዎሊ ንገሪው» ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ዜማ ያፈጠነውም ያዘገየውም ያንተ ከንፈር አልነበረም።

አልተቀየመህም። እጁን ትንሽ ስለሚደክመው ነው የማይጽፈው፤ ብርዱ ይሆናል።

አሁን ግልጡን እንነጋገር። ከመጣህ ወንበርህን እለቅልሃለሁ፣ ከሁሉም ሰው ፊት ቆሜም አጨበጭባለሁ። ቢከፋኝም አደርገዋለሁ። ግን አንተ «አይቀርም» ስትል አውቅሃለሁ። ዋና ማስተማርህም «አይቀርም» ነበር፤ ይኸው በደሴት ተወልጄ ዋና አላውቅም። የማትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።

እዚህ ሰዉ ከወዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። ፊት ለፊታችን ያለችው ሚስስ ጆሊፍ ጸጉረ ረጃጅሞቹ ፖሟን እንዳይበሉባት የጓሮ በሯን በሚስማር ልታሽግ ነው። ጡረተኛው ኮሎኔል በየሳምንቱ ለጋዜጣው የቁጣ ደብዳቤ ይልካል። የጸሎት ቤቱ ሴቶች ደግሞ «የተራበ ያው የተራበ ነው» ብለው ለኬክ ዱቄት ማዋጣት ጀምረዋል።

መልስህን በአየር ላክልኝ።

ማቪስ


ዋያላ
ሜይ 18 ቀን 1969

ለውድ እህቴ

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ያህል ጊዜ በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ።

መምጣቱ አልሆነም። ፔጊ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሴፕቴምበር ላይ ትወልዳለች። በዚህ ላይ አለቃዬ ፈቃድ አይሰጥም። ለአባባ አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ብጽፍለት አልችልበትም።

የወንበሩን ነገር አስቤበታለሁ። ለአንድ ቀን እንድትቀመጪ አባባ ቢፈቅድልሽ ይበቃል እኮ። መልቀቅ ለምን አስፈለገ? ማቪስዬ፣ አትፍረጂብኝ። እዚህ እኔ በደረት ላይ የሚንጠለጠል ቁጥር ነኝ። ጠዋት ቁጥሬን ሰጥቼ እገባለሁ፣ ማታ ቁጥሬን መልሼ እወጣለሁ። ሰው «አንተ ማነህ?» ሲለኝ «በዋይት ደሴት የአትሪል ባንድ የመጀመሪያ ትራምፔት ነኝ» እላለሁ። ነበርኩ ብዬ አላውቅም። ያንን ከለቀቅኩ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም፤ እፈራለሁ።

ናፍቆት እየጎዳኝ ነው። ጉሮ ወሸባዬ ብዬ የመጣሁበት አገር ነው፤ ማንንም አልወቅስም።

ወንድምሽ


ራይድ
ጁን 2 ቀን 1969

ወንድም ዓለም

እግዜር ፔጊን በሰላም ያገላግልልን። ሕፃኑም አንተን አይምሰል፤ እናቱን ይምሰል።

አለመምጣትህን ለአባባ ነገርኩት። የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ «ኦገስት ገና ሩቅ ነው፣ መርከብ ደግሞ በየሳምንቱ አለ» አለ። ከዚያ ያልከውን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ለዚያች ቀን ብቻ ልቀመጥ።»

«የሰው ወንበር ነው።»

«የወንድሜ ወንበር ነው።»

«እነዚያ ሁለቱ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ቢያገኙ ምን ይሉ ነበር?»

«ኔቪል ጦርነት አልዘመተም እኮ! በአሥር ፓውንድ ቲኬት መርከብ ሊሠራ ነው የሄደው።»

«ሄዷል። እኔ የማውቀው ይህንን ነው» አለና ወደ ሱቁ ወረደ።

ዎሊ ደረጃው ላይ ሆኖ ሲሰማን ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እሞትልሽና የኔን ትይዣለሽ፤ ሳክስፎን መንፋት ብቻ ተማሪ» ብሎ አሳቀኝ። ስቄ ስጨርስ አለቀስኩ።

ያንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ወተቷን አንተም አታይ፣ እኔንም አታጠጣኝ። እኔ ምን እንደሆንኩ ልንገርህ? ሳምንቱን ሙሉ መስኮት ውስጥ «መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?» የምል ሴት ነኝ። ቅዳሜ ማታ ብቻ ሰው ነኝ። ያችንም በአንተ ስም ነው የምኖራት። አንተ እዚያ ፍራ፣ እኔ ግን እዚህ እያለቅኩ ነው።

የባንዱ አባላት ስም ጁላይ 15 ወደ ማተሚያ ቤት ይገባል። የአየር ደብዳቤ በሳምንት ይደርሳል። ጊዜ አለህ፤ ቁርጡን አሳውቀኝ።

ማቪስ


ዋያላ
ጁን 22 ቀን 1969

ለማቪስ

ጽፌዋለሁ። ፔጊ ለአባባ የበግ ቆዳ ነጠላ ጫማ፣ ለአንቺ ሻርፕ ልትልክ ጥቅል አዘጋጅታ ነበር፤ ወረቀቱን እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ጥቅሉ ትናንት በመርከብ ሄዷል።

ይቅር በይኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ኔቪል


ራይድ
ጁን 30 ቀን 1969
(ፖስት ካርድ)

በመርከብ? ኔቪል፣ በመርከብ? የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ እንደሚመጣ መርከብ የምትሠራው አንተ አታውቅም? ሁለት ወር ተኩል ነው! ሌላ ወረቀት ጻፍና ዛሬውኑ በአየር ላክልኝ። ቴሌግራም አይሆንም፤ አባባ በገዛ እጅህ የተጻፈ ካልሆነ አይቀበልም። ዛሬውኑ!

ማ.


ራይድ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1969

ለኔቪል

ሰላም ላንተ ይሁን። ለካርዴ መልስ ስጠብቅ ጁላይም ኦገስትም አለቀ። ጥቅሉም እስከ ዛሬ አልደረሰም። አሁን አስቸኳይ ነገር ስለሌለ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ።

የበዓሉ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ከረቡዕ ጀምሮ መጡ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ጀልባው ሲራገፍ ሲራገፍ፣ በወደቡ ድልድይ ላይ መሬቱ አይታይም ነበር። ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ሕፃን በጀርባው ያዘለ። ሁሉም «ሜዳው የት ነው?» ይለኛል፣ ሁሉም ያመሰግነኛል። ዓርብ ጠዋት በራይድ ዳቦ አለቀ። ዎሊ ወተቱን ገና ከመኪናው ሳያወርድ እየጨረሱበት «ላሞቹን ራሳቸውን ይዤ ብመጣ ይሻለኛል» ሲል ነበር። ሚስስ ጆሊፍ በሯን በሚስማር ያሸገችው ለሁለት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሳልፍ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ፖሟ ሥር ተኝተዋል፣ እሷ ካልሲያቸውን አጥባ ታሰጣለች።

የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ኔቪል አትሪል፣ ትራምፔት» ተብሎ ታትሟል። አባባ ነው የሰጠው።

እኩለ ቀን ላይ ፒያኖውን በዎሊ የወተት መኪና ጭነው አመጡት። የደሴቱ ልጆች፣ እነዚያ ከጓዳው የወጡት፣ አባባን እንደ ታቦት ደግፈው መድረክ ላይ አወጡት። አምስት ወንበር ተደረደረ። በአንተ ወንበር ላይ ላውንደሪ የገባው ኮትህ ነበር። አስተዋዋቂው የእያንዳንዱን ስም ሲጠራ ሰው ብድግ ይላል። «ኔቪል አትሪል» ሲል ማንም አልተነሳም። ያ ሁሉ ሕዝብ የሞትክ መሰለውና ጸጥ አለ። ፊት ያሉት ተነሥተው ቆሙ። አጠገቤ የነበረች፣ ጸጉሯ ላይ አበባ የሰካች ልጅ እያለቀሰች ክንዴን ያዘች።

«ታውቂው ነበር?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«በምን ሞተ?»

«አልሞተም። አውስትራሊያ ነው ያለው።»

እንባዋን ጠርጋ ግራ በመጋባት አየችኝ። «ታዲያ አንቺ ለምን አትነፊለትም?» አለችኝ፤ ትራምፔቴ ከካፖርቴ ሥር ብቅ ብሎ ነበርና። ምን ብዬ ላስረዳት? ስለ አያታችን ልንገራት?

ሙዚቃው ተጀመረ። ትራምፔቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዎሊና ሌሎቹ ያንተን ክፍል ባዶ ትተው ያልፉታል። ሰዉ ለሟቹ ክብር ስለመሰለው በየባዶው ያጨበጭባል። እኔ ከታች ሆኜ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ጠላሁህ። ወንድሜ ነህና አልዋሽህም፤ ከልቤ ጠላሁህ።

ከዚያ አባባን አየሁት። እኔ ያላልኩህን ነገር አሁን ልንገርህ። የሚጽፍበት ግራ እጁ አንተ ከሄድክ ወዲህ እየደከመ ቆይቶ ከገና ጀምሮ ሞቷል። ጭፈራ ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ጮክ እያለ ይሸፍንለት ነበር፣ እኔም እሸፍን ነበር። «ለልጁ አትጻፊለት፣ አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም» ብሎ አስምሎኛል። እጁን ይደክመዋል ያልኩህ እሱ ነው። መድረክ ላይ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ ነበር የሚጫወተው። የመጨረሻው ዜማ ላይ ግን ያንተን ባዶ አላለፈውም። በዚያችው በአንድ እጁ ያንተን ክፍል እሱ ተጫወተልህ።

ማክሰኞ ሱቅ ውስጥ ወደቀ። ቀኝ ጎኑንም ይዞታል። በቀን አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ቢናገር ነው። ሐኪሙ ተስፋ አይሰጥም። መምጣት ከቻልክ ና። ካልቻልክም ለእሱ ጻፍለት፤ አነብለታለሁ።

ማቪስ


ዋያላ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1969

ማቪስ፣ እህቴ

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሰላምታውን ተይልኝ።

የዛሬ ዓመት ተኩል፣ ማርች ላይ፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ስንሠራ ሰንሰለት ተበጥሶ አፌን መታኝ። ከፊት አራት ጥርሴ ወለቀ፤ የላይኛው ከንፈሬ ተሰፋ። አሁን ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው። ትራምፔት ከንፈሬ ላይ ባስቀምጥ አየር በየጎኑ ይወጣል፤ ሱዛን የምትነፋው ፊሽካ ይሻላል። ስኮትላንዳውያን፣ ጠረጴዛ፣ ጭፈራ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ነው የምቀመጠው። ትራምፔቱን የሸጥኩት ወዲያውኑ ነው።

ስትለምኚኝ ያንን ወንበር ልቀመጥበት እንደማልችል አውቅ ነበር። ብጽፍልሽ ዝም ብሎ ወንበር መልቀቅ አልነበረም፤ ጥርሴ ያኔ የወለቀ፣ እኔም ያኔ ያበቃሁ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ደግሞ አባባ እንዲሰማ አልፈለግኩም። እሱ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ ስንደባበቅ መሃል ላይ አንቺን ፈጀንሽ።

ሌላም ልናዘዝ። በመርከብ የላክሁት አውቄ ነው። መርከብ የሚሄድበትን መንገድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጽፌ ልኬያለሁ ልልሽ እንድችል፣ ግን ደግሞ በጊዜው እንዳይደርስ። ካርድሽ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ለሦስት ሳምንት አየሁት። ከዚያ ጊዜው አለፈ፤ ሲያልፍም እፎይ አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ፔጊ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። የምመጣበት ገንዘብ የለኝም። ለአባባ ይህን ሁሉ አታንብቢለት። ልጅህ ይወድሃል፣ ልጅ ወልዷል በይው።

ይቅር በይኝ አልልም። ግን ጻፊልኝ።

ኔቪል


ራይድ
ኦክቶበር 7 ቀን 1969

ወንድሜ ኔቪል

ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ። አባባ እሑድ ጠዋት አረፈ። አልተሰቃየም፤ እጁን ይዤው ነበር። ትናንት ከእማማ ጎን ቀበርነው። እግዚአብሔር ለአንተም ለእኔም መጽናናቱን ይስጠን፤ ለሕፃኑ ደግሞ የአያቱን ዕድሜ ይስጠው።

ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ውጭ ድረስ ሰው ቆሞ ነበር። ከጓዳው የወጡት ልጆች ጸጉራቸውን በውሃ ለጥፈው፣ ከአባቶቻቸው የተዋሱትን ከረባት አስረው መጡ። ኮሎኔሉም መጣ። ዎሊ ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ተነሣና «ሰውዬው» ብሎ ተቀመጠ። ሳክስፎኑን ዳግም እንደማይነካ ነገረኝ፤ ባንዱም ያው አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ወረወርኩት፤ ከዚያ አንሥቼ አለቀስኩ። ለጥርሶችህ አለቀስኩ፣ ከንፈርህ ሲሰፋ አጠገብህ ባለመኖሬ አለቀስኩ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። በዚያ ወንበር አንተ ላትቀመጥ ነገር፣ እኔን ለምን አስነሣኸኝ? ይቅር እልሃለሁ፣ ሌላ ወንድም የለኝም። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርህ ብቀር ያንቀኛል። ለሌላ ለማንም አልነገርኩትም።

ጥቅሉ ሐሙስ ለት ደረሰ። ሎንዶን ወደብ ላይ ሳምንታት ተቀምጦ ኖሯል። ጫማው ውስጥ ወረቀትህን አገኘሁት። እንደለመንኩህ አንድ መስመር ነው። «ወንበሬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ኔቪል አትሪል።» ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። ለባዶ ወንበር፣ ለሌለ ባንድ ምን ይሠራል? ግን ጠይቄህ ነበርና፣ አባባም አንተን ሲጠብቅ ኖሯልና፣ ይወቀው ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማውን አጠለቅኩለት። ልጅ መውለድህን ነገርኩት፤ ዓይኑ ፈካ አለ። ቀጥዬ መስመርህን አነበብኩለት፤ ፊርማህንም አሳየሁት።

ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየው። እንባው በአንድ ዓይኑ በኩል ብቻ ወረደ፤ ጠረግኩለት። ከዚያ አፉን ሲያንቀሳቅስ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ስሜን ሊጠራ መስሎኝ ነበር፣ ኔቪል። እውነቴን ነው፣ ስሜን የሚጠራ መስሎኝ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ታዲያ...» አለ። አረፍ አለና ደግሞ ጀመረ። «ታዲያ አሁን... ማንን... እናስቀምጥበት?»

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ተቀምጬበት።

እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ መለስኩለት።

«ሰው እናፈላልጋለን፣ አባባ» አልኩት። «አንተ አታስብ።»

እህትህ
ማቪስ